እሳቸው ሲለዩ

በቤታችን ውስጥ «እሳቸው» የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አያቴ። እናቴ ስለ አባቴ ስታወራ «እሱ» ትላለች፣ አባቴም እናቴን «እሷ» ይላል፣ እኔማ እንደየቀኑ ጠባዬ ነው የምጠራው። አንቱታ ግን የአያቴ ብቻ ነበር። የወለዱት ልጃቸው፣ አባቴ እንኳ፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግራቸው። ስለዚህ አንድ ሰው «እሳቸው» ካለ ስለ ማን እንደሚያወራ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ ነፍሴ ተንጠልጥላ የከረመችው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። የሚሠራው በቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። የመቁረጫውን ጫፍ ላምባ ያስነካና ማስመሪያውን ተከትሎ መስታወቱን ይጭረዋል፤ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ከዚያ ከሥሩ መታ መታ ያደርገዋል። መስታወቱ ጥቂት ዝም ይልና ቀጭ ብሎ ለሁለት ይሆናል። ይኼኔ አባቴ ቀና ብሎ «ተለየ!» ይላል። ሌሎች መስታወት ቆራጮች ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እሱ ግን ሁልጊዜ «ተለየ» ነበር የሚለው። በሬዲዮ ደግሞ የሰው ስም ተጠርቶ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ሲባል እሰማለሁ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ያልበቀሉ ልጅ ነበርኩና ለእኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ሰውም ላይ መስመር ተሰምሮበት፣ መታ መታ ተደርጎ የሚለይ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከሥራው ሌላ በጉባኤያችን የተከበረ ሰው ነበር። የምንሰበሰበው ከአንድ ጎማ መጠገኛ ጀርባ በተከራየነው አዳራሽ ነው። ሌላ ሰው ሲጸልይ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፤ አባቴ ሲጸልይ ግን ዛሬ ደግሞ ምን ሊል ነው እያለ ብዙው ሰው ዓይኑን ይገልጣል። «ጌታ ተናገረኝ» የሚል ሰው ነበርና። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ማርገዟን ባሏ እንኳ ሳያውቅ ተናገረና ጉባኤው ሁሉ ጉድ አለ። አያቴ ብቻ ቤት ስንገባ፣ «ስታስመልስ እኔም አይቻታለሁ» አሉ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና «ጌታ ተናገረኝ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ዛሬ እየሠራሁ ስጸልይ፣ ‹ይህ እጅ ይዋሻል› የሚል ሰማሁ። እንደዚህ እንደማናግራችሁ ጥርት ብሎ። ጋጋሪው ገና ከበሩ መውጣቱ ነበር።»

ጋጋሪው ማዕዘኑ ላይ ዳቦ ቤት ያለው፣ የጉባኤያችን ሰው ነው። ያን ዕለት የመጣው አባቴ የገጠመለት የመስኮት መስታወት በአንድ ጎኑ አጥሮ ነፋስ ስላስገባበት ነበር። በሩ ሥር ተቀምጬ፣ «ኧረ እጅህን ምን ነካው?» ሲለው ሰምቻለሁ። አባቴ በሩን ከፍቶ አስወጣው።

«ታዲያ የማን እጅ ነው የሚዋሸው?» አሉ አያቴ።

«የማን ይሆናል፣ እናቴ? የጋጋሪው ነዋ! ሚዛን ያጎድላል ማለት ነው።»

«ጌታ ነው ‹ማለት ነው› ያለህ፣ ወይስ አንተ ነህ?»

እናቴ ሳህኑን ማንሳት ጀመረች። አባቴ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያው እሑድ ግን ለጉባኤው ተናገረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ጋጋሪው ዘንድ ዳቦ የሚገዛ ሰው ጠፋ። እናቴም እኔን ሁለት መንገድ ተሻግሬ ከሌላ ቦታ እንድገዛ ትልከኝ ጀመር። የጋጋሪው ደጃፍ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። አንዳንዴ በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን መንገድ ያያል። እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ በዱቄት ነጭ ናቸው። የሚዋሽ እጅ እንዲህ ነው ማለት ነው እያልኩ እሮጣለሁ። ወደ አባቴ የሥራ ክፍልም መግባት ፈራሁ። ድምፁ ከየትኛው ጥግ እንደመጣ አላውቅማ!

እንዲህ እያለ፣ ጋጋሪው በመጪው እሑድ በሰው ሁሉ ፊት ከጉባኤው ሊወገድ ተወሰነ ተባለ። ከጉባኤያችን ሁለት ሽማግሌዎች ረጅሙ ቤታችን የመጡት በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ነው።

ረጅሙ ሽማግሌ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታችን ሲገቡ ጎንበስ ካላሉ የበሩ ጉበን ያገኛቸዋል። ያን ቀን ግን አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ቅዳሜ ከሰዓት እንመጣለን፣ ልጄ። እሳቸውን ያናገራቸው መንፈስ ከማን እንደሆነ ሳይለይ እሑድ ላይ መድረስ የለብንም።»

«አደራችሁን፣ ቀስ ብላችሁ» አለች እናቴ።

«አያማቸውም ብዬ አልዋሽሽም። ያማል። ግን አንዴ ከተለየ በኋላ ያርፋሉ።»

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ያርፋሉ! ማረፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከእኛ ቀጥሎ የነበሩት አዛውንት «አረፉ» ተብለው ነው በሳጥን የወጡት።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ለመገጣጠም ጊዜ አልወሰደበትም። የምተኛው ከአያቴ ጋር ነው። ጎህ ሲቀድ ከአጠገቤ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ በመሃል ዝም ይሉና «እሺ» ይላሉ። እንደገና ዝም፣ ከዚያ «እሺ፣ እሺ»። አንድ የማላየው ሰው እያናገራቸው መሆኑን ሁልጊዜም እጠረጥር ነበር። ይኸው መንፈስ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ መጥተው መንፈሱን ከአያቴ ሊለዩት ነው፤ ያማል፤ ከዚያ አያቴ ያርፋሉ፤ እናቴም ታውቃለች።

ዛሬ ያንን ንግግር ቃል በቃል መድገም እችላለሁ፤ የሳትኩት ቃል የለም። ጉባኤው ውስጥ ግን ትልልቆቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው በአንቱታ ነበር የሚጠራሩት። አባቴ የቤታችንን ደጃፍ ሲሻገር «እሳቸው» እንደሚሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሊመረመር የነበረው የእሱ «ጌታ ተናገረኝ» ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፣ የሚያረጋጋኝም አልነበረም፤ ምክንያቱም ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ሁሉ ፍርሃቴን የሚያባብስ ሆነ። አያቴ እናቴን ጠርተው ነጩን ቀሚሳቸውን እንድትተኩስላቸው አዘዟት። አባቴ መሥራት አቁሞ ጠረጴዛውን ባዶ አደረገ። ስብርባሪውን ጠረገ፣ አሮጌውን ብርድ ልብስ አነሳና ንጹሕ አነጠፈበት፤ ጫፉ ላይ የቀረው አንድ የመስታወት ቁራጭ ብቻ ነበር።

«ለማን ነው?» አልኳት እናቴን።

«ለቅዳሜ» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ጠረጴዛውን በዓይኔ ለካሁት። አያቴ አጭር ናቸው፤ ይበቃቸዋል። የዚያን ዕለት ምግብ አልወርድልሽ አለኝ፤ አባቴም አልበላም ነበርና ማንም ልብ አላለኝም። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ግድግዳ ያያል። የገዛ እናቱን ሊያስለይ ስለሆነ አዝኖ ነው አልኩ በልቤ።

ዓርብ ዕለት አልቻልኩም። አያቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«እማማ፣ እንጥፋ።»

«ወዴት?»

«የትም። አክስቴ ጋ።»

«ይሄ ጉልበት የሚያደርሰኝ እስከ በሩ ነው። እስከ በሩ ጠፍተን ደግሞ ምን ዋጋ አለው?» ሳቁ። ከዚያ እያለቀስኩ መሆኔን አዩ። «ምን ሆነሻል? ስለ ነገው ሰምተሻል መሰለኝ።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ። እንዴት አልፈራም? ግን ሳይለይ ቢቀር ይብሳል። ይምጡ ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ።»

አያቴ የራሳቸውን ገዳዮች ራሳቸው ጠርተዋል! እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ «ለአባትሽ ጸልዪ፤ ከሁላችንም የሚከብደው ለእሱ ነው» አሉኝ። እኔ ግን የጸለይኩት ለሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ እግራቸው እንዲሰበር ነው የጸለይኩት። በማግሥቱ ሁለቱም በደህና እግራቸው መጡ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው፣ ራሳቸው በደንብ ስለማይሰሙ ለሁሉም ሰው የሚጮሁ ሰው ናቸው። መሣሪያው በየመሃሉ ያፏጫል። ሁለቱም መጀመሪያ አያቴን ሰላም አሉ። እጃቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ስንብት ነው አልኩ። አያቴ በነጭ ቀሚሳቸው፣ በአባቴ ክንድ ተደግፈው ወደ ሥራ ክፍሉ ገቡና በሩ ተዘጋ።

እናቴ ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የመሃረቧን ጫፍ ትጠመዝዛለች። እኔ ከእግሯ ሥር ነኝ። ከውስጥ የሚሰማው ሹክሹክታ ነው፤ የሁለተኛው ሽማግሌ ድምፅ ብቻ ጎልቶ ይወጣል።

«ድምፁን በሰሙ ጊዜ ልብዎ ምን ላይ ነበር?»

ዝምታ።

«ከዚያ በፊት ከሰው ተጣልተው ነበር ወይ?»

ሹክሹክታ። መሣሪያው አፏጨ።

«በደንብ ይናገሩ፣ አልሰማሁም!»

ይኼኔ ከውስጥ የመስታወት ድምፅ መጣ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ የመታ መታ ድምፅ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ። «ተለየ» እስኪባል መጠበቅ አልቻልኩም። እናቴ እጄን ልትይዘኝ ስትል አምልጬ በሩን በትከሻዬ በረገድኩት።

«አትለዩአቸው!» ብዬ ጮህኩ። «እማማን አትለዩብኝ! መንፈሱ እኔ ላይ ነው፤ እኔን ለዩኝ!»

አያቴ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ በሕይወት አሉ። ሽማግሌዎቹ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። አባቴ ደግሞ በወዲህኛው ጫፍ ነው።

«ምን አለች?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

ማንም አልነገራቸውም። አያቴ ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

«ነይ ወዲህ። እኔን ማን ነው የሚለየኝ?»

«እሳቸው!» አልኩ ረጅሙን ሽማግሌ በጣቴ እያሳየሁ። «‹እሳቸውን ያናገራቸው መንፈስ ይለይ፣ ያማል፣ ከተለየ በኋላ ያርፋሉ› ብለዋል። ሰምቻለሁ!»

የረጅሙ ሽማግሌ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ብያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ቃል አላጎደለችም። እንዲሁ ነው ያልኩት።»

አያቴ ጎትተው አቀፉኝ። «‹እሳቸው› አባትሽ ነው፣ የኔ ቂል! ስለ አባትሽ ነው ያወሩት። ማረፍም ጭንቀቱ ሲለቀው ነው። እኔ ገና መች ሞቼ!»

ቀሚሳቸው ውስጥ ተሸሽጌ ተንሰቀሰቅኩ። ለቅሶዬ ሲያባራ ቀና አልኩ። አባቴ እያየኝ ነበር።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ይህን ይዘሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አውቄው ነበራ!»

አባቴ መልሱን ሲሰማ የሆነ ነገር ሆነ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ እናቱ ዞረ።

«ቃሉን አልሳተችም» አለ። «የሳተችው ሰውየውን ነው።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ልጄ» አሉ አያቴ።

አባቴ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፍሮቹ አጠገቡ ያለውን የመስታወት ቁራጭ ዳር እየነኩ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። በር ጥሼ የገባሁበት ድምፅ ይኸው ነበር፤ ስገባ ነው እጁን ኪሱ የከተተው። ዛሬ ሐኪሞች ለዚያ መንቀጥቀጥ ስም አላቸው፣ መድኃኒትም ይሰጡታል። ያን ጊዜ ግን ለአንድ መስታወት ቆራጭ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ የሥራው ማለቅ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ወይኔ» አለች። እሷም አታውቅም ነበር።

«ቆይቷል» አለ አባቴ። «መስመር አልይዝልህ ካለኝ ቆይቷል። ደህና ነኝ እያልኩ ሰው አታለልኩ። የጋጋሪውን መስታወት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ‹እጅህን ምን ነካው› ሲለኝ ልገድለው ነበር የፈለግኩት። በዚያ ልብ ነው የጸለይኩት።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። መሣሪያው አላፏጨም።

«ታዲያ» አሉ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮሁ፣ «ያናገረዎት ጌታ ነበር ወይስ የራስዎ ቁጣ?»

«አላውቅም» አለ አባቴ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሳምንት ከፈራሁት ሁሉ የበለጠ የፈራሁት ይኼኔ ነው። አባቴ ስለ እግዚአብሔር ተጠይቆ አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። አያቴን ይበልጥ ያዝኳቸው። ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ፣ ይረግሙታል ብዬ ስጠብቅ ረጅሙ ሽማግሌ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «እኛም አናውቅም» አሉ። «አሁን ግን ጸሎት መጀመር እንችላለን።»

«ከጌታም ከሆነ ለአንተ የተላከ ነበር» አሉ አያቴ። «ሳትከፍተው ለጎረቤት አደልከው።»

ጸልየው ሲጨርሱ አባቴ ኮቱን ለበሰ። ረጅሙ ሽማግሌ አብረውት ሊሄዱ ተነሡ፤ እሱ ግን «ብቻዬን ልሂድ» አለ። ብቻውን መሄድ ግን አልቻለም፤ ከዓይኔ ከጠፋ የማይመለስ ስለመሰለኝ ኮቱን ይዤ አልለቅም ብዬ ነበር። አብረን ሄድን። ቀኝ እጁ በግልጽ፣ ሰው ሁሉ እያየው ይንቀጠቀጣል። ሁለት የጉባኤያችን ሴቶች አዩትና ሰላምታ መስጠት ረሱ።

ጋጋሪው ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ ነበር። ዳቦው ሳይነካ ተደርድሯል። እኔ የአባቴ ኮት ሥር ሆኜ ነጫጭ እጆቹን አየሁ፤ ከዱቄት በቀር ምንም እንደሌለባቸው ባውቅም አሁንም ያስፈሩኝ ነበር።

«ሚዛንህ አልጎደለም» አለው አባቴ። «የዋሸው የእኔ እጅ ነው። ይኸው፣ እየው። ነገ በሁሉ ፊት እናገራለሁ። ዛሬ ግን ለአንተ ልነግርህ መጣሁ።»

ጋጋሪው እጁን አየ። ፊቱ አልፈታም።

«ሚስቴ ገበያ መውጣት ትታለች» አለ። «ልጆቼን በትምህርት ቤት ማን ምን እንዳላቸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ስሜን ስታነሣ፣ ‹ጌታ ተናገረኝ› ነበር ያልከው።»

«ብያለሁ።»

ጋጋሪው በመደርደሪያው ላይ ወደ ፊት ተደገፈ። «አሁንስ? ወደ እኔ እንድትመጣ ጌታ ነው የተናገረህ?»

አዎ እንዲል ፈለግኩ። አዎ ቢል ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል፣ አባቴም እንደገና የሚያውቅ ሰው ይሆንልኛል።

«አላውቅም» አለ። «በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ጋጋሪው ጎንበስ አለና ከጀርባው አንድ በርጩማ አነሳ፤ ከመደርደሪያው አሻግሮ በእኛ በኩል አስቀመጠው።

«እንግዲያው ደክሞሃል» አለው። «ተቀመጥ።»